የጭቃው ጉድጓድ የማን ነበር

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። የበደለችኝም በጃንሆይ ጊዜ፣ የወባ ረጪዎች መጀመሪያ ቦኖሻ በመጡበት ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ ነው። ስሟን አልጽፍም። ይህን የማደርገው ይቅር ስላልኳት አይደለም። በእኛ አገር ምራት የባሏን ወላጆችና ታላላቆቹን በስማቸው አትጠራም። ያከበርኩት ልማዱን እንጂ እሷን አይደለም።

እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ሚሲዮን ተምሬ፣ አማርኛ አውቄ፣ ቦኖሻ ቆላ ወርጄ ተዳርኩ። የባሌ እህት ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ግቢ ተመልሳ ነበር። የእሷና የእኔ ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ መሃላችን ጥቂት እንሰት አለ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ከላይ ባለው ትልቁ ቤት ይኖራሉ። ላሞቻቸውን የምታልበው እሷ፣ ወተቱን የምታካፍለውም እሷ ናት። በየማለዳው ቅሌን ይዤ እሄዳለሁ፤ ታቹን ታረጥብልኝና «ለከተማ ሰው ይበቃል» ትለኛለች። እኔ የከተማ ሰው ሆድ ከገጠር ሰው ሆድ ያንሳል ሲባል የሰማሁት ከእሷ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት አማቴ «ለመስቀል ቤቷን አሳምራ ለጠበቀችኝ፣ አዲስ የወለደችውን ላም እሰጣለሁ» ብለው ተናገሩ። ያቺን ላም እንዴት እንደፈለግኋት እኔና እግዜር እናውቃለን። ላሟ የኔ ከሆነች ማንም በቅል ታች አይለካልኝም።

ቤት የሚያምረው ደግሞ በምርጊት ነው። መስቀል ሲደርስ ሴቱ ሁሉ አፈር ቆፍሮ፣ በጭድና በእበት አቡክቶ፣ ግድግዳውን እንደ አዲስ ይለስናል። የባሌ እህትም ቆፈረች። የቆፈረችው ግን ከራሷ በር ሳይሆን ከኔ በር አጠገብ ነው። «የአንቺ አፈር ይጣበቃል» አለችኝ። አፈሩን ወሰደች፣ ጉድጓዱን ተወችልኝ። የመጨረሻው ዝናብ ሞላው። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ስትጠልቅ ከጉድጓዱ የሚነሳው የቢምቢ ዜማ ከጸሎት ቤት መዘምራን ይበልጥ ነበር።

ረጪዎቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ካኪ የለበሱ፣ ቆርቆሮ ቆብ የደፉ፣ ፓምፕ በጀርባቸው ያዘሉ ሰዎች ናቸው። አለቃቸው ሩቅ አገር ሰው ነበር፤ ከአማርኛ በቀር አይናገርም፤ ሆዱ ከፓምፑ ይቀድማል። መጀመሪያ ያደረገው ግቢውን መዞር ነው። የተሰበረ ገንቦ ገለበጠ፣ የከብት ኮቴ የወጋው ረግረግ ላይ ቆመ፣ የውሃ ማሰሮዬን ከፍቶ አየ። ከዚያ ጉድጓዱ ጋ ደረሰ። ከቦርሳው ረጅም እጀታ ያለው ነጭ ጭልፋ አውጥቶ ወጥ እንደሚቀምስ ሰው ጎንበስ ብሎ ጨለፈ። ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ ጭልፋው ላይ አፈጠጠ፤ አማቴም በትራቸውን ተደግፈው ነበሩ።

«እዩ!» አለ አለቃው። ነጩ ጭልፋ ውስጥ ቀጫጭን ትሎች ይርመሰመሳሉ። «ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው ሌላ ቢምቢ ነው። ይሄ ከውሃው ፊት ጋር ተጋድሞ የሚተኛው ግን የወባው ልጅ ነው።»

«ተጋድሞ የሚውለውማ ከሆሳዕና የመጣ ነው» አለች የባሌ እህት በገበያ አማርኛዋ። ሰው ሳቀ።

አለቃው አልሳቀም። «ወባ እያረባ ያለው ማነው? ጉድጓዱ የማን ነው?»

በሩ የኔ ነውና ሁሉም ወደኔ ዞረ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አዲስ ሙሽራ በአማቷ ፊት ድምፅ አታሰማም። «እኔ አልቆፈርኩትም» አልኩ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ማን ቆፈረው?»

አገጬን ወደ እሷ አዞርኩ። አለቃው አገጬን ተከትሎ ቢያይ ከኋላዋ የቆመውን አህያ አየ።

«አህያው ነው የቆፈረው?»

የባሌ እህት ያን ጊዜ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ወደኔ ቀረብ ብላ «የቆፈረች ሴት ካለች ስም አላት አይደል?» አለች። «በይ ስሟን ጥሪ! ጌታዬ ይሰሙሽ። ጥሪያ!»

ስሟን ብጠራ አማቴ ፊት የባለጌ ልጅ ልባል ነው፤ ላሟ ትቅርና ራሴም አልቆይ። «እርስዎ ነዎት እኮ እትዬ» አልኩ። ግን ከነጠላው ውስጥ ስለሆነ እግሬ ሥር ያለችው ዶሮ እንኳ አልሰማችኝም።

«ስም ካልጠራሽ ያንቺ ነው» አለ አለቃው። አንዱን ረጪ ጠርቶ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ጉድጓዱ ላይ አስደፋ። ጥቁሩ ዘይት ውሃውን እንደ ምጣድ ክዳን ገጠመው። ትሎቹ አየር የሚስቡት ከላይ ስለሆነ ታፍነው ያልቃሉ አለን። «ዘይቱ ግን ለጊዜው ነው። ባለቤቷ ትድፈነው!»

ከዚያ ወደ ቤቶቹ ገቡ። ማሰሮው፣ ቆዳው፣ ቆጮው፣ ጥጃው፣ ሁሉም ወደ ደጅ ወጣ። ነጭ የቢምቢ መድኃኒት ዱቄት በባልዲ በጠበጡ፤ ፓምፑን ነፋ ነፋ አድርገው ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቀው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየተመላለሱ ረጩ። የጣራውን ሥርም አልተዉም። ቢምቢ ሰው ነክሳ ከጠገበች በኋላ የምታርፈው ግድግዳ ላይ ነው፤ ስታርፍ መድኃኒቱን ትረግጣለች፣ ትሞታለች። «ስለዚህ» አለ አለቃው ጣቱን ሽቅብ ቀስሮ፣ «ስድስት ወር ማንም ግድግዳውን እንዳይለስን! ከለሰናችሁት መድኃኒቱን ቀበራችሁት።»

ቢምቢዋ መሞቷን እንጃ፤ ቁንጫና ትኋኑ ግን እንደ ጤፍ ረገፈ። ሰው አለቃውን የመረቀው ለዚያ ነው። ዶሮዎቹ የረገፈውን ለቅመው ጠጅ እንደጠጣ ሽማግሌ እየተንገዳገዱ ዋሉ። አውራ ዶሮዬ በጠራራ ፀሐይ ጮኾ ተኛ።

እኔ የተባልኩትን ሰማሁ፤ አልለሰንኩም። ግድግዳዬ ሲደርቅ ዙሪያውን ነጭ ነጭ መስመር ወረደበት፤ ቤቱ አልቅሶ ፊቱን ያልታጠበ ይመስል ነበር። የባሌ እህት መኪናቸው ዳገቱን ሳይጨርስ እበቷን ማቡካት ጀመረች። መድኃኒቱን ከላይ እስከ ታች ለስና ቀበረችው። «እናንተ በሽታ ፍሩ፤ እኔ እንግዳ ነው የምፈራው» እያለች።

ጉድጓዱንም አልደፈንኩም። ብደፍነው የኔ ነው ብዬ አመንኩ ማለት ነው። እሷም አልደፈነችም፤ ምክንያቷም ያው ነው። ባሌ አካፋ ሲያነሳ «አስቀምጥ!» አልኩት። አስቀመጠ። እንዲህ ሆነን ሁለታችንም ጥቁሩን ጉድጓድ እየተሻገርን ኖርን።

መስቀል ደረሰ። አማቴ መጀመሪያ የእሷን ቤት አዩ፤ ግድግዳው በእጅ የተዳሰሰ ቂጣ መስሎ ያበራል። ቀጥለው የኔን አዩ። ነጩን መስመር አዩ፣ ደጄ ላይ ያለውን ጉድጓድ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ገና ትማሪያለሽ» አሉኝና ላሟን ለእሷ ሰጧት። እሷ ገመዱን ተቀብላ እልል አለች። ላሟን በቀጥታ ወደ ቤቷ በመውሰድ ፈንታ እኔ እንዳያት ብላ በደጄ በኩል አዞረቻት።

ላሟ ዘይት የጋረደው ውሃ መሬት መሰላት። የፊት እግሮቿ ገቡ፣ ቀጥሎ ሆዷ ገባ። ስትራገጥ ጥቁሩ ዘይት ተነስቶ የባሌን እህት አዲስ ቀሚስ፣ እንሰቱን አልፎ አዲስ ምርጊቷንና የአማቴን ነጭ ጋቢ ጠቃጠቀው።

«ወይኔ ላሜ!» ብላ ጮኸች። «ወይኔ ጉድጓዴ! ያን ጊዜውኑ በደፈንኩት ኖሮ! ምነው ካንቺ ጋር እልህ ሳልጋባ በደፈንኩት!»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ላሟም ጭምር።

አማቴ ጋቢያቸውን እየጠረጉ «የማን ጉድጓድ አልሽ?» አሉ።

«የ... የእሷ ነው፣ አባባ።»

«ጉድጓዴ ብለሽ ጮኽሽ እኮ። ያረጀው ጉልበቴ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ወንዶቹ ላሟን በገመድ ጎትተው አወጧት። ከአንገቷ በታች ጥቁር ሆና ታብለጨልጫለች፤ እንደ ጭነት መኪና ትሸታለች። በእንዶድ ቢያጥቧት ሽታው አልለቅ አለ። አማቴ ይህን ሁሉ ቆመው አዩና ፈረዱ።

«የሰጠሁትን አልነሳም፤ ላሚቷ ያንቺ ናት። የማለዳዋ ወተት ግን የምራቴ ነው። አንቺ ታልቢያለሽ፣ እሷ ትወስዳለች። ጉድጓዱንም ዛሬውኑ ድፈኚ።»

ደፈነችው። በአካፋ ስትደፍን ደጄ ላይ ተቀምጬ አየኋት፤ ላግዝሽ አላልኩም።

በማግስቱ ማለዳ ቅሌን ይዤ ደጇ ሄድኩ። እስከ አፉ ሞላችው። ጥቂት ጥቂት የመኪና ዘይት ይሸት ነበር። ጠጣሁት። ላሟ እስክትነጥፍ ድረስ አንድም ማለዳ አልቀረሁም፤ አንድም ቀን አላመሰገንኳትም።