የወፍጮ ቤቱ ብረት

አባዬ ከማንኩሳ ወዲያ ባለው መንደራችን ወፍጮ ቤት ሲሠራ፣ ከላይ የእህል ቆጥ እንዲኖረው ፈለገ። ከሥር ቆሞ ቆጡን የሚሸከም ያገለገለ የብረት ምሰሶ ከፍኖተ ሰላም ገዝቶ አመጣ። ጎረቤቶቻችን ዙሪያውን እየዞሩ አደነቁለት። የክርስትና አባቴ ግን፣ «ከማቆምህ በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው» አሉት፤ ከቡሬ አንድ ወጣት መሐንዲስ ተጠራ።

መሐንዲሱ በተጋደመው ብረት መሃለኛ ገጽ ላይ ሲባጎ ወጠረ፤ አንዱን ጫፍ እኔ ያዝሁለት። ስፋቱንና ውፍረቱን ለክቶ ስልኩ ላይ አሰላ።

«አባቴ፣ ዳርና ዳሩ ወፍራም ነው፤ መሃሉ ግን ለስፋቱ ስስ ነው። አቁመው ከላይ ሲጭኑበት እንደ ካርቶን ጎኑ ይጎብጣል። ካሁኑም ጎበጥ ብሏል፤ ይኸው ከሲባጎው ርቋል» አለ።

«ብረት እኮ ነው!» አለ አባዬ።

«የብረት ካርቶን ሸጠውልሃላ!» አለ አንዱ ጎረቤታችን፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

የአባዬ ፊት ጠቆረ። «ስልኩን ለልጄ ስጣት» አለው። «የተማረች ናት፤ እሷ ትየው።»

የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስልኩ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ተደርድሯል። ሁሉም አፍ አፌን ያያሉ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

«እህ፣ ምን ይላል?» አሉ የክርስትና አባቴ።

«እኔ… አላውቀውም።»

«ታውቀዋለች» አለ አባዬ ቶሎ ብሎ፤ «ሰው ፊት ማውራት ታፍራለች እንጂ።»

መሐንዲሱ መሬት መሬት እያየ ስልኩን ቀስ ብሎ ተቀበለኝ። አለማወቄ ገብቶታል። ከሁሉ የባሰብኝ ይኸ ነው።

ሰው ሲበተን አባዬ አጠገቤ መጣ። «አሁን ሰው የለም። ንገሪኝ፤ ላቁመው ወይስ ልተወው?»

«አባዬ፣ እውነቴን ነው። ማንበብ አልቻልሁም።»

ወድቆ የቀረውን ሲባጎ አነሳና አንዱን ጫፍ አቀበለኝ። ወጠርነው። መሃል ላይ በሲባጎውና በብረቱ መካከል ጣቱን ከተተ፤ ገባለት። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደገመ፤ እዚያም ገባ።

«ከቆጡ ሥር ቆመሽ ዱቄት የምትሰፍሪው አንቺ ነሽ እኮ» አለ።

ቆጡ ቀረ። ብረቱም አጥሩ ሥር ተጋድሞ መቀመጫ ሆነ። ለምን እንደተወው ለሚጠይቀው ሁሉ አባዬ፣ «ልጄ አይታ አይሆንም አለችኝ» ይላል። ሽማግሌዎቹ ብረቱ ላይ እንደተቀመጡ ወደ እኔ ዞረው፣ «ተባረኪ፣ ልጄ» ይሉኛል።

አንገቴን እደፋለሁ።

«አየህ ጨዋነቷን!» ይባባላሉ።