የአሶሳን ሙቀት ይዘን ወደ አዲስ አበባ

ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን አሶሳ ውስጥ ብዙው ነገር አዲስ ነበር፤ የቢሮዎቹ ስም፣ የበሮቹ ቀለም፣ ማኅተሙ፣ እኔም ጭምር። አዲስ ያልነበረው የመሥሪያ ቤታችን፣ የትምህርት ቢሮው፣ የመስክ መኪና ነው። ከየት እንደመጣ፣ ከእኛ በፊት ማን ይነዳው እንደነበር በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እኔ ደብረ ብርሃን ያደግሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቤት ያከራዩኝ ሰው በወጣትነታቸው ጨርቃ ጨርቅና ጨው ይነግዱ የነበሩ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም ሼህ ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ኡስታዝ ይሉኛል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለብሰው ስለነበር ሰውን የሚለዩት በድምፅ ነው። የጓሯቸውን ማንጎ እንኳ የበሰለውን ካልበሰለው በመዳበስ ይለዩ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ይሳሳቱና ጥሬውን በትልቅ ክብር ያቀርቡልኛል። እኔም እበላለሁ።

ልጃቸው ከብዙ ልመና በኋላ አዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አገኘላቸው። ካለፈ ሌላ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። ሼህ ግን አልሄድም አሉ። ሐኪሙን ፈርተው መሰለኝና ስለ ቀዶ ሕክምናው ላስረዳቸው ጀመርሁ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ቢላ አልፈራም ኡስታዝ። እኔ የሚፈራ ብርድ ነው።»

በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ ለንግድ በአዲስ አበባው መንገድ ደጋው ጌዶ ድረስ ወጥተው ነበር። እዚያ ያደሩበትን ሌሊት ሲያወሩ ትከሻቸው አሁንም ይሰበሰባል። ከዚያ ወዲህ ደገኛ ሰው ሁሉ እንዴት በሕይወት እንዳለ ይገርማቸዋል፤ እኔንም ጨምሮ።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ መኪና መጻሕፍት ለማምጣት ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው፤ መጻሕፍቱን የምረከበውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእኛ ጋር እንዲሄዱ ለመንኋቸው፤ መኪናው ማሞቂያ አለው አልኋቸው። እንዴት እንደሚሠራም ከሞተሩ ጀምሬ አስረዳሁ፦ ሞተሩን ያቀዘቀዘው ውኃ ይግላል፣ የጋለው ውኃ በቱቦ ወደ ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል፣ ማራገቢያው በላዩ ሲነፍስ ሙቅ አየር ወደ እግር ይመጣል። ሼህ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ በእጃቸው ካልዳሰሱት እንደማያምኑ ነገሩኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መኪናው በራችን ላይ መጣ። ሾፌራችን ፓዌ ያደገ፣ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ነው። የማሞቂያውን ማንሻ ነክቶት አያውቅም፤ ቁልፍና መቁጠሪያ ይሰቅልበት ነበር። አነሳቸውና ማራገቢያውን ከፈተው። ደህና አድርጎ ነፈሰ። እጄን ሳስጠጋ ሙቅ ነው። በኩራት ሼህን ወደ ፊተኛው ወንበር አወጣኋቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው ቆዩ።

«ይሄ የአሶሳ ንፋስ ነው» አሉ። «ጌዶ ስንደርስ የጌዶ ንፋስ ይሆናል።»

ወርደውም ብርዱ ሲያልፍ እንደሚሄዱ፣ ኢንሻአላህ፣ ነግረውን ገቡ። ብርዱ ሲያልፍ ቀጠሮውም አልፏል።

ሾፌሩ ማሞቂያው ምንም እንዳልሆነ ተከራከረኝ። ሙቅ አየር ተባለ፣ ሙቅ አየር መጣ፣ ምን ጎደለ? እውነቱን ለመናገር በዚያ ሙቀት መሀል የጦፈውን አየር ከማሞቂያ አየር በእጅ መለየት ከባድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ይዤ መጣሁ። ሞተሩን አስነስተን እስኪግል ጠበቅን፤ መጀመሪያ ውጭ ጥላ ስር፣ ከዚያ የማራገቢያው አፍ ላይ ለካሁ። ልዩነት የለም። ሼህ ልክ ናቸው፤ የሚነፍሰው የአሶሳ ንፋስ ነው።

ከዚያ በሥርዓት ጀመርን። ኮፈኑ ላይ በተኛው ቀይ አቧራ የውኃውን መንገድ በጣቴ ሣልሁለት።

«መምህር፣ ልታስተምረው ነው ወይስ ልትሠራው?» አለኝ ሾፌሩ።

ማራገቢያው ስለሚሠራ በሥዕሉ ላይ ሰረዝሁት። ራዲያተሩን ሞተሩ ሳይግል አይተነው ነበር፤ ውኃው ሙሉ ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ እንደ ደንቡ ወጥቶ መሀል ቆሟል፤ ስለዚህ ሞተሩም በደንብ ይግላል። የቀረው ቱቦው ነው። ሾፌሩ ከሞተሩ የሚወጣውን የማሞቂያ ቱቦ በጨርቅ ያዘው፤ ያቃጥላል። ወደ ውስጥ እስኪገባ እየተከተለ ሄደ፤ አልገባም። እንደ ፈረስ ጫማ ታጥፎ ወደ ሞተሩ ተመልሷል። ወደ ትንሹ ራዲያተር የሚገቡት ሁለት አፎች ቱቦ አልባ ሆነው በእንጨት ተወትፈው ቆመዋል።

ከዚያ ሾፌሩ መሳቅ ጀመረ። የአሶሳ ሰው ማሞቂያ ምን ያደርግለታል? ከእኛ በፊት የነበረው ሾፌር ቆርጦ ጥሎታል። ጠጋ ብለን ጎረቤት የቆመ የጭነት መኪና ኮፈን ስናስከፍት፣ እሱም እንደዚያው ተቆርጧል።

ከገበያ ቱቦ ገዝተን፣ ውታፉን ነቅለን፣ ቀጠልነው፤ የጎደለውንም ውኃ ሞላን። ቴርሞሜትሩ ላይ ሙቀቱ ከፍ ሲል እኔ እንደ ሕፃን ዘለልሁ። ከሰዓት በኋላ ሼህ ወጡ፤ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው ሰበሰቡት።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ይሄ እሳት ነው።»

እሑድ ንጋት ላይ ተነሣን። ሼህ ጋቢያቸውን ደርበው ፊት ተቀመጡ፤ እኔ ኋላ። ፀሐይዋ ወጣች። ሾፌሩ ለአሁኑ ይበቃል ብሎ ማሞቂያውን ለመዝጋት ማንሻውን ገፋ፤ አየሩ እሳት እንደሆነ ቀረ። ደጋግሞ ገፋ። ማራገቢያውን ቢያጠፋው እንኳ መኪናው በተራመደ ቁጥር ንፋሱ ራሱ ሙቀቱን እየገፋ ያስገባዋል። ማንሻው የሚያንቀሳቅሰው የውኃው መዝጊያ እንደተከፈተ ዝጎ ተጣብቋል። የቀድሞው ሾፌር ቱቦውን ለምን እንደቆረጠው ያኔ ገባን። እኔ ቅዳሜ ሙሉ ማን ቆረጠው፣ የት ቆረጠው ስል ውዬ፣ ለምን ቆረጠው ብዬ አልጠየቅሁም።

ሾፌሩ ቆሞ ቱቦውን በሽቦ አንቆ ሊያስረው ፈለገ። ሼህ ወሬያችንን ሰምተው ኖሮ፣ መኪናው ከቀዘቀዘ ባምባሲ ላይ ወርደው እንደሚመለሱ በትሕትና አሳወቁን። መስኮት እንክፈት አልን፤ አቧራው ለዓይናቸው አይሆንም። ስለዚህ ተዘግተን ሄድን። ሾፌሩ በካናቴራ ቀረ። የእኔ ሸሚዝ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። አንድ ኬላ ላይ ፖሊሱ ሊፈትሸን በሩን ከፍቶ ፊቱን ወደ ኋላ መለሰ፤ ሼህን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሕመሙ ይተላለፋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በጥንቃቄ ማስረዳት ስጀምር ሂዱ አለን።

ነቀምት አድረን በማግሥቱ ጌዶን ስናልፍ መንገደኛው ሁሉ እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ ነበር። ሾፌሩ ጌዶ መድረሳችንን ነገራቸው። ሼህ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው መስታወቱን ነኩ፤ ቶሎ መልሰው ማሞቂያው አፍ ላይ አኖሩት። ከዚያ እስከ አምቦ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። የመጀመሪያው ዓይን ፋሻ ሲፈታ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። ነርሷ ዓይናቸውን ቀስ ብለው እንዲገልጡ ነገረቻቸው። ገለጡ፤ መስኮቱን አዩ፣ ነርሷን አዩ። እኔ ደስታው በዝቶብኝ ብርሃን እንዴት ወደ ዓይን እንደሚገባ መናገር ጀምሬያለሁ። ሼህ ድምፄን ተከትለው ዞሩና ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ።

«ኡስታዝ» አሉ፣ «አንተ ልጅ ነህ እንዴ? ወሬህ ብዙ ነው፣ እኔ አንተ ሽማግሌ መሰለኝ።»