የፍርፋሪው ምትክ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «እርሾ» ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ዳቦ ቤት ሊጥ ሲያቦካ ለኖረ ሰው ሌላ ምን ስም ያውጡለት? ሚስቱ ግን ስትቆጣም ስትስቅም «አንተ ሰውዬ» ነው የምትለው። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ባሌ ሲሞትብኝ እነሱ ቤት ገባሁ፤ የሰው ልብስ አጥቤ፣ ተኩሼ እኖራለሁ። እሷን «እትዬ» እላታለሁ፤ በሁለት ዓመት ብቻ ብትበልጠኝም አፌ ለምዶታል። የምነግራችሁም የእሷን ነገር ነው። የእሱን ከጀመርኩ ደሜ ይፈላል።

እትዬ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነች። አራት መቶ ልጅ አብልታ፣ ደክሟት መጥታ፣ ደግሞ ቤት ገብታ ማንኪያ የምታነሳ ሴት ናት። እሑድ እሑድ ወንድሜ «የሥጋ ዳቦ» ብሎ ስም ያወጣላትን ትሠራለች። የተፈጨ ሥጋ፣ የደቀቀ ሽንኩርት፣ ሁለት እንቁላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው፣ በላዩ ላይ ደርቆ የተፈጨ የዳቦ ፍርፋሪ ሁለት ኩባያ ሙሉ። ይለወስና ከዳቦ ቤት ባመጣት ረጅም የመጋገሪያ ቆርቆሮ ተጠቅጥቆ ምድጃ ይገባል። ዋናው ፍርፋሪው ነው። የሥጋውን ጭማቂ መጥጦ ይይዘዋል፤ ያለ እሱ ሥጋው ደርቆ ቢላ ሲነካው ይበተናል። ወንድሜ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቃት ምግብ እሷ ነበረች።

የሥራ ድርሻም ነበራቸው። እትዬ ታሰናዳለች፣ እሱ ይለውሳል። እሱ ሲለውስ ደግሞ ኩሽና ውስጥ ሰው አይቆምም። ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ ሊጥ ላይ የቆመውን ሁሉ በመጥረጊያ ያባርሩ ነበር አሉ፤ ሰው ሲያይህ እጅህ ልኩን ይስታል ይሉ ነበር። ይሄንኑ ይዞ ቤት መጣ። እትዬ ከተጋቡ ጀምሮ ጎድጓዳውን ሳህን ታስቀምጥለትና በሩን ዘግታ ትወጣለች። «ክቡር ሚኒስትሩ ስብሰባ ገብተዋል» ትለኛለች፣ እየሳቀች።

ከዚያ ስኳር መጣ። በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ሥር ጫማ የላጠው ቦታ ቆሰለ፣ አልድን አለ፣ ጠቆረ። ዳቦ ቤቱን ተወ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ነገር አታሽሞነሙንም። «ዳቦ የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ አይነኩም። በሦስት ወር ስኳሩ ካልወረደ ይሄን እግር ላተርፍልዎ አልችልም» አለችው። ሦስታችንም ሰማን። እሱ ስለ እግሩ አንድ ነገር አልጠየቀም። «የሥጋ ዳቦስ?» ነው ያላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሐኪሟ ፍርፋሪ እንዳለበት ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች።

እትዬ መንገድ ላይ እጁን ይዛ «አይዞህ፣ ምትክ አላጣለትም» አለችው። እኔ ያን ቀን ለእግሩ ስትል ስትምል ነው የሰማኋት።

መጀመሪያ አጃ አደረገች፣ እንዳለ ሳትፈጨው። እሱ አልጋ ላይ ስለነበር ራሷ ለወሰችው። አንድ ጎርሶ አቆመ። «ይሄን ለፈረስ ስጪልኝ» አለ። በሳምንቱ የተቀቀለ ምስር ሞከረች፤ ቆርቆሮው ሲገለበጥ እንደ አሸዋ ተናደ። ተልባ ፈጭታ አገባች። መያዝስ ያዘው፣ ግን ምላስ ላይ ያንሸራትታል፤ እሱ በጨርቅ አፉን ጠርጎ ወደ ግድግዳ ዞረ። ዝኩኒና ካሮት ፈቅፍቃ ሞከረች፤ ውኃ አንቆረቆረና ሥጋው ዋኘ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከረጢቷ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ አዲስ ነገር አለ። ሁልጊዜ «ዛሬስ ይሆናል» ትላለች። አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

እሱ ሆድ ባሰው። ምግብ ሲቀርብ ፊቱን ያዞራል፣ ያኮርፋል። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሕዝብ ያበላሁ ሰውዬ ገለባ ልብላ?» ይላል። እትዬ ሳህኑን ይዛ ኩሽና ትገባና በሩን ዘግታ ታለቅሳለች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ሽንኩርቱ ነው ትለኛለች።

በአምስተኛው ሳምንት አጃውን መጥበሻ ላይ አመሰችው፣ አድቅቃ ፈጨችው፣ እንጉዳይ ከትፋ ውኃውን ጨምቃ ቀላቀለችበት። ሽታው እኔን ራሴን አስራበኝ። ያን ቀን ወንድሜ ከአልጋው ተነሳ። «አምጪው እስቲ፣ እኔ ልለውሰው» አለ። እሰይ! እትዬ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። በርጩማ አቀረበችለት፣ እግሩን ሣጥን ላይ አስደግፋ፣ ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀምጣ፣ በሩን ዘግታ ወጣች።

እኔ ጓሮ ልብስ አሰጣ ነበር። የኩሽናው መስኮት ወደ ጓሮ ነው። ወንድሜ ከደረት ኪሱ የተቋጠረ መሐረብ አወጣ። ፈታው። የደረቀ ዳቦ ነበር፣ በመዳፉ አድቅቆ ሥጋው ላይ በተነው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እንደ ሌባ ደነገጠ። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና ጠቀሰኝ፤ እናታችን ሳታይ ስኳር ስንሰርቅ ያደርጋት የነበረችውን ጥቅሻ።

ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። አንሶላውን አሰጣሁ።

ሲቆረጥ አልተበተነም፤ ለስልሶ፣ ጭማቂውን ይዞ ቀረበ። ወንድሜ ሦስት ቁራጭ በላ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጉደኛ ነሽ!» አላት፣ ግንባሯን ሳማት። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም። እኔም አብሬ በላሁ፣ አብሬ ሳቅሁ። አንዴ ነው፣ ምን ይለዋል አልኩ ለራሴ።

አንዴ ሆኖ ቢቀር ምን ነበረ! እትዬ ምግቡ ጤና ነው ብላ ስላመነች ከእሑድ አወጣችውና በየቀኑ አደረገችው። «ጤና ከሆነማ ለምን ይከለከላል?» ትላለች። በየቀኑ ታሰናዳለች፣ በየቀኑ በሩን ዘግታ ትወጣለች። ዳቦውን የሚያመጣለት የሥራ ጓደኛው እንደሆነ ደረስኩበት፤ ሊጠይቀው ሲመጣ ጃኬቱ ያብጣል። እትዬ ለጎረቤት፣ ክሊኒክ ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ አሠራሩን ትናገራለች፤ አጃውን አምሱት፣ አድቅቁት፣ እንጉዳዩን ጭመቁት ትላለች። ሰው በወረቀት ይጽፍላታል። አንድ ቀን ወንድሜን ለብቻው አግኝቼ «እግርህን እየበላኸው ነው» አልኩት። «ምግብ ካልበላሁም እሞታለሁ፤ ደግሞ እሷ ደስ ብሏታል፣ አታይም?» አለኝ። ደስ ብሏታል፤ እሱስ እውነት ነው። እኔም ቤቱ የእሱ ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። ፈሪ ነኝ።

ሦስት ወሩ ሞላ። ሐኪሟ ውጤቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ስኳሩ እንኳን ሊወርድ ከፊቱ ብሶ ነበር። ምን ይበላል አለች። እትዬ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ አጃውን፣ እንጉዳዩን፣ በየቀኑ መሆኑን፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆማ። ሐኪሟ እስክትጨርስ ሰማቻትና «አጃም ሲበዛ ስኳር ይጨምራል፣ እናቴ» አለቻት። በክፋት አይደለም። እትዬ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ወንድሜ የጫማውን ማሰሪያ እያየ ነበር።

እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ አላስቻለኝም። እትዬ አልጋው ሥር ተቀምጣ ፋሻውን ትፈታለች። «እትዬ፣ አጃው አይደለም» አልኳት። መሐረቡን፣ መስኮቱን፣ ጓደኛውን፣ የራሴን ዝምታ ሳይቀር ነገርኳት። እጇ ፋሻው ላይ ቆመ። «አንተ ሰውዬ፣ እውነት ነው?» አለችው።

ወንድሜ እኔን አየኝ። ከዚያ እሷን አየ። «ምን እንደምታወራ እኔ እንጃ» አለ።

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። እንዲያ ስታየኝ በሕይወቴ አላውቅም። «እኔን ለማጽናናት ብለሽ የታመመ ወንድምሽ ላይ ትዋሺ?» አለችኝ። ልምል ስል «በቃ፣ ውጪልኝ» አለች።

በነጋታው እሷ ሥራ ስትሄድ ጠራኝ። አለቀሰ። «ብታውቅ ትተወኛለች። አንድ እግር ያለው ሌባ ማን ይፈልጋል?» አለኝ። ይህን ብሎ እጄን ያዘ። አስለቀቅሁት፣ ግን የምሄድበት ስለሌለኝ የትም አልሄድኩም።

እትዬ ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም፣ አልተቆጣችኝምም፤ ልብሴን እንኳ አጣጥፋ ታስቀምጥልኛለች። ለእሱ ሥጋውን በጨው ብቻ ቀቅላ ትሰጠዋለች፤ ሳያላምጥ ይውጠዋል። በግራ እግሩ ትንሿ ጣት አጠገብ አንዲት ጥቁር ነጥብ አይቻለሁ፤ እሷም አይታለች። ጠዋት ጠዋት ቁስሉን አጥባ፣ አዲስ ፋሻ ጠቅልላ ስትጨርስ የተቆረጠው ላይ ግንባሯን ትደፋና «ይቅር በለኝ» ትለዋለች።

እሱም ፀጉሯን እየዳበሰ «ይቅር ብዬሻለሁ» ይላታል።