የቁረይሻው ድንጋይ እና የሞላ ትኩሳት

የሰሊጥ አጨዳው እንደተጀመረ አንድ ጠዋት ሞላ ከተኛበት ዳስ ጠራኝና «ድንጋዩን እጠብልኝ፣ ውሃውን ልጠጣው» አለኝ...

ሞላ አብሮኝ ከመተማ ወደ ሱዳኗ ቁረይሻ ለአጨዳ የተሻገረ ጓደኛዬ ነው። ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ከበሮ አክሏል። ካላዛር መሆኑን እዚህ የከረመ ሁሉ ያውቃል። መድኃኒቱ ያለው ገዳሪፍ ከተማ፣ ሆስፒታሉ ነው። እሱ ግን «ገዳሪፍ የተጫነ ሲመለስ አላየሁም፤ ፍትሐት የሌለበት አፈር አልገባም» ብሎ እምቢ አለ።

ድንጋዩ ደግሞ ትራክተር ከመሬት የገለበጠው ነው። ላዩ ምልክት ብቻ... ግዕዝ አይደለም፣ አረብኛ አይደለም። የእርሻው ወኪል «ከካርቱም የመጡ ምሁራን አቃታቸው» ብሎናል። ማንም ካላወቀው ተሳስተሃል የሚለኝ የለማ። ዳዊት ሳልጨርስ ከቄስ ትምህርት ቤት የጠፋሁት ሰውዬ አንባቢው ሆንሁ። የተጠማዘዘችው መስመር ሰው እየበላ የነገሠው ዘንዶ ናት፣ ቀንበር የመሰለችው የገደለው ጀግና፣ ነጠብጣቦቹ የዘንዶው ደም። «ደሙ የነካው ድንጋይ መድኃኒት ነው» ያልሁትም እኔው ነኝ።

ሱዳኖቹ ደግሞ ፈቂ የሚሉት ሼካቸው ሰሌዳ ላይ የጻፈውን አጥበው ሲጠጡ ሞላ አይቷል።

«ሞላ፣ ውሸቴን እኮ ነው።»

«አንተ እውነት ስታወራ አታምርም። እጠብ።»

ትራክተሩ ወደ ገዳሪፍ ሊወጣ ሞተሩን አስነስቷል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ከዳሱ ደጃፍ ድንጋዩ ፊት ሄጄ ቁጭ አልሁ... ቀልድ የሚባል ነገር አልመጣልህ አለኝ።

«በደንብ ሳላነበው ነው» አልሁት። «ደሙ ለዘንዶው ተሰጥታ ዛፍ ላይ የታሰረችው ልጅ እግር ላይ ጠብ ብሎ የአህያ ኮቴ አደረገው።»

«እሱንስ እናቴም ትለዋለች... እንዴት ዳነች?»

«ባገሯ አልዳነችም። ተነስታ ሄዳ፣ የሰው አገር ደጃፍ ስትረግጥ ነው የዳነች።»

«የት አገር?»

ጥግ ላይ ወፍ የመሰለች ምልክት አለች። «ምንቃሯን እየው» አልሁት።

አየ። «ወደ ገዳሪፍ ነው...» ከተኛበት ቀና ብሎ «ትራክተሩ ሲገለብጠው ዞሮ ቢሆንስ?» አለ።

ትኩሳት ላይ ሆኖ እንኳ አይሸወድም።

«አንተ በታመምህ ሰሞን ነዋ የዞረው። ለማን ብሎ ይመስልሃል?»

«ጋቢዬን አምጣ» አለ።

ተጎታቹ ላይ ጫንነው። እጁን አላውለበለበም፣ እኔም አላውለበለብሁም። ማጭዴን አንስቼ ሰሊጡ ውስጥ ገባሁ። ያን ሰሞን ማንንም በቀልድ አልነካሁም፤ አብረውኝ የሚያጭዱት ልጆች «አመመህ እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

ትናንት ተመለሰ። ከስቷል፣ ሆዱ ግን ገብቷል። እኔን አልፎ ሄዶ ድንጋዩን ሳመ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ምንም አልተሰማኝም። ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ።

ዛሬ ጠዋት ከጎረቤት እርሻ የመጡ በሽተኞች ድንጋዩ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ። አንዱ ከነትኩሳቱ ብድግ ብሎ «የኔታ፣ ለእኔስ ምን ይላል?» አለኝ።

ምሁር ያቃተው ጽሑፍ ነው... እኔም እስካሁን ያገኘሁበት ቃል አንድ ብቻ ነው፦ ገዳሪፍ።