«ለፈተና ያህል ነው» ያላለው መምህር

ትናንት አንዲት ተማሪ መካነ ሰላም ወዳለችው የፎቶ ኮፒ ቤቴ መጣች። የባዮሎጂ መጽሐፏን ገልጣ የሰው ልጅ ከየት መጣ የሚለውን ምዕራፍ አሳየችኝና፣ «ይቺን ብቻ ኮፒ አርጊልኝ፤ ለፈተና ያህል ነው» አለችኝ። ወረቀት የሚያስተካክለው እጄ ቀጥ አለ። ያቺን አባባል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ያቺ አባባል እንደ ቢስሚላህ ነበረች። የባዮሎጂ መምህር ሁሉ እዚያ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ጠመኔውን ያስቀምጥና፣ «ልጆች፣ ለፈተና ያህል ነው፤ እኔም አላምንበትም» ይላል። ያኔ ክርስቲያኑም እስላሙም እፎይ ብሎ መጻፍ ይጀምራል። አዲሱ መምህራችን ይመር ግን አላላትም። ከኪሱ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አወጣ። ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል ተቀርቅሯል፤ መስመሮቹ አንድ ባንድ ይቆጠራሉ።

«ከዓባይ ቁልቁለት ያነሳሁት ነው። ይህ አገር ድሮ ባሕር ነበረ» አለን።

ባሕር! እኛ ጋ! ውርጭ ባቄላውን የሚያቃጥልበት ደጋ ላይ! ድንጋዩን በየተራ ቤታችሁ ውሰዱት ሲለን ተሻምቼ መጀመሪያ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ጥፋቱም የእኔ ነው። ምላሴን መቼ እችላትና! ጥቅምት ነበር፤ ከአባዬ ጋር የባቄላ እሸት እየፈለፈልን ገብሱን ከጭላዳ ዝንጀሮ እንጠብቃለን። አባዬ ከተማው የሚያከብራቸው ሸህ ናቸው። «አባዬ፣ እኛና ዝንጀሮው ከአንድ ግንድ ነን ተባለ» አልኳቸው።

«ታዲያ ገብሴን የሚበላው ውርሱን ሊካፈል ነዋ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸውን ቆረጡት። «ማነው ይህን ያስተማራችሁ?»

አባዬ ተቆጥተው ለርዕሰ መምህሩ አመለከቱ፤ በሦስተኛው ቀን የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። አባዬና የደብሩ መርጌታ ፊት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ በመስኮት አያለሁ። ርዕሰ መምህሩ ላብ በላብ ሆኗል።

«ይመር፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ በላትና እንገላገል። ካልሆነ ከዚህ ትምህርት ቤት መነሳትህ ነው።»

«የማላምንባትን እንዴት ብዬ ልበላት?» አለ መምህሩ።

«በዓይንህ ያየኸው ነገር አለ?» አሉ አባዬ።

«አለ። ግን አሁን እጄ ላይ የለም።»

እኔ ጋ ነዋ! አባዬ እንዳያዩት ገብስ ጎታ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ሻሼን አጥብቄ አስሬ ሮጥኩ። ቀኑ የገበያ ነበር፤ በአህዮቹ መሀል እየተሹለከለክሁ፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እየረገመችኝ፣ ቤት ደርሼ ተመለስኩ። ማንንም ሳላስፈቅድ ገብቼ ድንጋዩን አባዬ ፊት ዱብ አደረግሁት። ገብስ ተጣብቆበታል።

«አባዬ፣ ይዩት!»

መርጌታ አንገታቸውን አስግገው፣ «የጥፋት ውሃ ያመጣው ነው፤ ወላሂ!» አሉ። ከመርጌታ አፍ ወላሂ ሲወጣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባዬ አልሳቁም። ድንጋዩን ደጋግመው አገላበጡት።

«ይህንን አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «በጉርምስናዬ ወደ ጎጃም ስንሻገር ቁልቁለቱ ላይ አየሁት። ‹ይህን ዛጎል ድንጋይ ውስጥ ማን አስገባው?› ብዬ ቁርአን የሚያስቀሩኝን ሸህ ጠየቅሁ። በአርጩሜ መለሱልኝ። ዳግም አልጠየቅሁም።» ወደ መምህሩ ዞሩ። «ዝንጀሮውን አልቀበልህም፣ ልጄ። የድንጋዩን ነገር ግን ጨርስልኝ።»

«ሸህዬ፣ እርስዎም?» አሉ መርጌታ።

«እርስዎ የውሃውን ይንገሩን፣ እሱ የሱን ይንገረን። መስማት ምን ከለከለን?»

መምህር ይመር ጠመኔ አነሳ፤ እዚያው ወላጅ ፊት አስተማረ። መርጌታ አሥር ጊዜ አቋረጡት፤ አባዬ ከዚያ በላይ። ማንም ማንንም አላሳመነም። ያቺ አባባል ግን ሳትባል ተበተንን፤ መምህሩም አልተነሳም።

አባዬ አሁን የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ዝንጀሮውን እስከ መጨረሻው አልተቀበሉም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን በር ላይ አዲስ ጥያቄ ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። ያን ሰሞን እንዲያ የተቆጡት፣ አሁን ሳስበው፣ የዚያ አርጩሜ ሕመም ገና ስላልለቀቃቸው ይመስለኛል። መምህር ይመር ከዓመታት በኋላ በፈቃዱ ሲዛወር ድንጋዩን ለኔ ትቶልኝ ሄደ። ንፋስ ወረቀቶቼን እንዳይወስድ በላያቸው እጭነዋለሁ።

የትናንቷ ተማሪ ኮፒዋን ስትቀበል ዛጎሉን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ከኋላዋ ሦስት ሰው ተሰልፏል። «ቁጭ በይ» አልኳት፤ ማሽኑንም አጠፋሁት።