ለቦሎ የተዋስነው ጎማ

ዛሬ ንፋስ ላስሞላ ቡልጋሪያ ሰፈር ሄጄ፣ ጎሚስታው ከመኪናችን ጎማ ላይ የተቆረጡ ሦስት ብሎኖች መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

ባለቤቴ በረሃ የሚመላለስ ሾፌር ነው። አሸዋ ላይ ንፋስ ሲቀንስ ጎማው እንዳይወልቅበት ብሎ፣ ጎማውን በቀለበትና በብሎን የሚያስር ቸርኬ ላንድክሩዘሩ ላይ አስገጥሟል።

ባለፈው ሳምንት የቦሎ ምርመራ ሲደርስ "ለአስፋልት አይፈቀድም" እንዳይሉት ፈርቶ የጎረቤታችንን ጎማ ከነቸርኬው ተዋሰ። ምርመራውን አለፈና መልሶ ቀየረው። ክሪኩን ያቀበልኩት እኔው ነኝ!

"እትዬ፣ ብሎኑ በየጊዜው ካልታየ እየሄዳችሁ ጎማው ይወልቃል" አለኝ ጎሚስታው።

ለባለቤቴ ደውዬ ነገርኩት። "ትናንት እኮ ልጆቹን በሱ ነው ያደረስኳቸው" ሲለኝ አንጀቴን በላው፤ መቆጣቱን ተውኩት። "በቃ፣ እንደ ድሮው ያለ ተራ ቸርኬ ገዝተሽ አስገጥሚ" አለኝ።

ለካ ምርመራውን ያለፈው የጎረቤታችን ጎማ ነው፤ ልጆቻችን የሄዱት በኛው።

እናንተስ፣ ለቦሎ ጎማ የተዋሳችሁ አላችሁ? ንገሩኝ፣ አልፈርድም። ያዋሰን ጎረቤትም ይሄን እያነበበ ነው።