ከማጠቢያው ድንጋይ ሥር የወጣው ጠገራ

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ደብዳቤ እንኳ በቅጡ ጽፌ አላውቅም። ይሄን ግን ሌላ ሰው ይጻፍልኝ አልልም። የምጽፈው እናቴ የሞተች ጊዜ ካዛንቺስ በተተከለው ድንኳን ተቀምጣችሁ፣ ወንድሜን ሌባ ስለው ለሰማችሁ ሰዎች ነው። አንዳንዶቻችሁን ፈልጌ አገኘኋችሁ። የቀራችሁት የት እንደገባችሁ የሚነግረኝ አጣሁ።

እናታችን ጠገራ ነበራት። ያ የሴትዮዋ ምስል ያለበት፣ የድሮው ከባድ ብር። ከአባቷ የወረሰችው ነው። በዱቄት ወተት ጣሳ አድርጋ ከመደቡ ሥር ስትቀብረው እኔና ታናሽ ወንድሜ አየናት። ልጆች ነበርን። "አያችሁ? አላያችሁም!" ብላ የሁለታችንንም ጆሮ ቆነጠጠች። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስለ ጠገራ ተነስቶ አያውቅም።

እሷ በሞተች በሦስተኛው ቀን መደቡን ቆፈርኩ። ጉድጓዱ አለ፣ ጣሳው የለም። ወንድሜ ያን ሰሞን አሮጌ ሰይቼንቶ ታክሲ ገዝቶ ነበር። ከየት አምጥቶ? አልኩ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ ጭንቅላቴ አልገባም። ሚስቱ ወርቋን ሸጣ እንደገዛችለት ሰዎች ነግረውኛል። አላመንኩም።

አፈሩን ከእጄ ሳልታጠብ ድንኳኑ ገባሁ። የዕድሩ ሰው ንፍሮ ይዞ ተቀምጧል። "የእናቴን ጠገራ የወሰደው ይሄ ነው" ብዬ ወንድሜን በጣቴ ጠቆምኩት።

የዕድሩ ዳኛ "ተው እንጂ፣ ሐዘን ቤት ነው" አለኝ።

"እንግዲያው ይማል! ነገ ቂርቆስ ደጃፍ ቆሞ ይማል!"

ወንድሜ ቀስ ብሎ ተነሳ። "ለወንድሜ አልምልም" አለ። "ቃሌ ካልበቃህ መሐላዬ ምን ያደርግልሃል?"

ንጹሕ ከሆነ መማል ምን ያስፈራዋል ብዬ ደመደምኩ። እሱም ሚስቱን ይዞ ወጣ። ኋላ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደርሶት እዚያ ገባ። ከካዛንቺስ ጎተራ ሩቅ አይደለም፤ ጉልበት ያለው በእግሩ ይሄደዋል። እኔ ግን ከተጣላን ሠላሳ ዓመት አለፈኝ፣ አንድ ቀን ደጁን አልረገጥኩም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልኮብኝ ነበር። "ጣሳውን ይዞ ይምጣ" ብዬ መለስኳቸው። ሲሞትም ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ፣ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ቤተ ዘመድ ተሰልፎ እግዜር ያጽናችሁ ሲባል ወጥቼ ሄድኩ።

ከዚያ ሰፈራችን ለልማት ተነሳ። ለእኔ ከከተማው ዳር ቤት ሰጡኝ፣ ገባሁ። ግን እግሬ አልለመደም፤ በሳምንት አንዴ ሁለቴ በአውቶቡስ እየመጣሁ የፈረሰውን አያለሁ። ግድግዳችን የለም። በራችን የለም። ግቢው ውስጥ ያለው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም። ዕድሜዬን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጸሐይ የምሞቀው እሱ ላይ ነው። ያን ቀንም ተቀመጥኩበት።

አንድ ጎልማሳ ሰውዬ በፍርስራሹ መሀል ማሽን እያወዛወዘ መጣ። እጀታው ረጅም፣ ጫፉ እንደ ሰሃን ክብ፣ ጆሮው ላይ ደግሞ ማዳመጫ። ወርቅ በሚወጣበት አገር ይሠራበት እንደነበረ ነገረኝ።

"አባባ፣ እዚህ ጋ ልፈልግ?"

"ምን?"

"የተቀበረ ነዋ። የድሮ ሰው ባንክ አያምንም። ከተገኘ እኩል።"

"እዚህ ምንም የለም። የወሰደው ወስዶታል" አልኩት።

እሱ ግን ፈለገ። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ይቆፍራል፣ ምስማር ይወጣል። "ካዛንቺስ ምስማር ነው እንዴ የተዘራባት?" ብሎ ሳቀ።

"ቤቱን ያቆመው እሱ ነው" አልኩት። "ጭቃውማ ድሮ አልቆለታል።"

ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ማሽኑ ጮኸ፣ አላቋርጥም አለ። "አባባ፣ እስቲ ይነሱልኝ።"

"ጫማዬ ውስጥ ምስማር አለ።"

"የሚጮኸው ጫማዎ አይደለም፣ አባባ።"

አልነሳም አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰውዬው ማሽኑን አጥፍቶ አጠገቤ ቁጭ አለ፣ ጠበቀኝ። ኋላ ተነሳሁ። ድንጋዩን በዲጂኖ ፈንቅለን አንድ ክንድ ያህል ቆፈርን። ጣሳው ወጣ። ዝገት በልቶታል። ውስጡ ሁለት ቋጠሮ ነበር፣ ከእናቴ ቀሚስ ጥለት የተቀደደ ጨርቅ። አንዱን በቀኝ እጄ፣ አንዱን በግራ እጄ ያዝኩት። ክብደታቸው አንድ ነው። ለሁለት ልጅ ሁለት ቋጠሮ።

ያኔ ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ፣ የቤት ለቤት አሰሳ በመጣበት ሰሞን፣ እናቴ "ይሄ ድንጋይ ያለበት ቦታ ውሃ ይቋጥራል፣ ወደዚያ አዙርልኝ" አለችኝ። አንከባልዬ ወዳሳየችኝ ቦታ ወስጄ ያስቀመጥኩት እኔ ራሴ ነኝ። አፈሩ ለምን እንደተቆፈረ አልጠየቅኳትም። ብንያዝ እንዳናወጣ ብላ ነው ያልነገረችን። ሁለታችንንም አልነገረችንም።

ሰውዬው "እንኳን ደስ ያለዎት አባባ!" እያለ ይዘላል። አንዱን ቋጠሮ ሰጠሁት።

"እርስዎስ? እኩል ነበር እኮ የተባባልነው።"

"እኩል ነው። የእኔን ነው የሰጠሁህ። ያኛው ባለቤት አለው።"

ከዚያው በቀጥታ ጎተራ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው የወንድሜ ልጅ ናት። አላወቀችኝም። "እማዬ፣ አንድ ሽማግሌ መጥተዋል" አለች። እናቷ ወጣች። ድሮ ጋሼ ነበር የምትለኝ። ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አልነካችውም።

"የት ተገኘ?"

"ከማጠቢያው ድንጋይ ሥር።"

"አንተ ከምትቀመጥበት?"

"አዎ።"

"ይሄን በጓዳ አትስጠኝ" አለች። "ሌባ ስትለው በሰው ፊት ነው። አልሰረቀም ስትልም እነሱ ይስሙህ። ያኔ አምጣው።"

ልክ ናት። ግን በየት በኩል? ዕድሩ ከሰፈሩ ጋር ተበትኗል። ድንኳኑና አግዳሚው የሆነ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። ጥሩምባ ነፊው ሞቷል፤ ሰዉን የሚጠራልኝ የለም። እናም ከአንዱ አንዱን እየጠየቅኩ በየቤቱ ዞርኩ። ቡልጋሪያ ሰፈር ሦስት ሰው አገኘሁ። አንዷ አልቅሳ ሸኘችኝ፣ አንዱ ጭራሽ ረስቶታል።

የዕድሩን ዳኛ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ልጁ ቤት አገኘሁት። ጆሮው ጠፍቷል። በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኩት፣ አልሰማም።

"ወንድሜ አልሰረቀም!" ብዬ ጮህኩ።

"ማን ሰረቀ?"

"ማንም! ማንም አልሰረቀም!"

በደረጃው በሩ ሁሉ ተከፈተ። አንዷ ማማሰያ ይዛ "ሌባ ገባ እንዴ?" ብላ ብቅ አለች። ዳኛው እጄን ይዞ አስገባኝ።

"እሱንማ ያኔም አላመንንህም" አለኝ። "ሐዘን ቤት ነው ብለን ዝም አልን እንጂ።"

"ማን ማናችሁ?"

"ሁላችንም።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?" ጆሮው ሥር ጮህኩበት።

"አንተ ሰው ትሰማለህ እንዴ? እኔ እንኳ አሁን ነው የደነቆርኩት።"

ለካ ያን ሁሉ ሰው በያዘው ድንኳን ውስጥ ያመንኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ጎተራ ተመልሼ ሄድኩ። ያላገኘኋቸው እንዳሉ፣ ለእነሱ እንደምጽፍ ለወንድሜ ሚስት ነገርኳት። የሚያጽናናት መስሎኝ፣ "ያኔም ማንም አላመነኝም አሉ" አልኳት።

ቋጠሮውን ተቀብላ ቁጭ አለችና ሳትፈታው ጭኗ ላይ አኖረችው።

"እሱ ግን ሁሉም አምኖብኛል ብሎ ነው የሞተው" አለች። "ሠርግ ቢጠራ፣ ለቅሶ ቢሰማ፣ ካዛንቺስ አይረግጥም ነበር። ተሳፋሪ ካዛንቺስ ካለው፣ አልሄድም ይላል።"

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ግባም አላለችኝ፣ ሂድም አላለችኝ።